የጋዋኖቹ ሳምንት

ከእቴቴ ጋር አስራ አንድ ዓመት አንሶላ አጥፈናል። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አጣፊዎች የሚሠሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ትይዛለች፤ ሁለት ጊዜ ይራገፋል፣ መሀል ላይ ትገናኛላችሁ፣ እንደገና ትራራቃላችሁ። በቀን ሦስት መቶ አንሶላ ከታጠበ ሦስት መቶ ጊዜ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከባሏ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ባሏ ይህን ሲሰማ፣ «በይ እንግዲህ ስታኮርፍ አንቺ ቤት ልላካት» ይላል።

እቴቴ የምንላት ከሁላችንም ቀድማ ስለገባች ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አጭር ናት፤ ክንዷ ግን ያስፈራል። መነጽሯ ከመተኮሻው በሚወጣው እንፋሎት ሲሸፈን በሽርጧ ጫፍ ትወለውለዋለች። ደም የነካው ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚነከር፣ ሙቅ ውሃ ከቀደመው እድፉ አልለቅም እንደሚል ያስተማረችን እሷ ናት። አንሶላ ውስጥ ተረስቶ የሚመጣ መርፌ እንዳይወጋን ጨርቁን በሁለት ጣት ከጫፉ ይዘን እንዴት እንደምንገልጠው ያሳየችንም እሷው ናት።

ፓርቲው ውስጥ ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። እንዴት እንደገባች ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ አልቆጥረውም። ያኔ ከሥራ በኋላ በሆስፒታሉ ምግብ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ይሰጥ ነበር። የሚያስተምረው ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ወጣት ነው። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋና፣ «ዛሬ የምናነበው የየራሳችሁን የሥራ ውል ነው» አለ። እቴቴ ተራዋ ሲደርስ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ «ከስድስት ወር ለማይበልጥ ጊዜ በጊዜያዊነት ተቀጥረዋል» የሚለውን አነበበች። በጊዜያዊነት ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር።

«ጊዜያዊ መሆኔን ድሮም አውቃለሁ» ትላለች። «ስድስት ወር የሚለውን ግን እስከዚያች ቀን ማንም አልነገረኝም።»

መምህሩ ወደ ፓርቲው ቢሮ ወሰዳት። ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ መካኒኮች፣ የክር ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ይሰበሰቡባታል። በዚያው ዓመት ፓርቲው ጉዳዩን ይዞ ሆስፒታሉን ሞገተ፤ እቴቴና ሃያ ሁለት ጓደኞቿ ቋሚ ሆኑ። ይህን አትርሱብኝ። እቴቴ ፓርቲውን የወደደችው በወሬ ተታልላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያልሠራችለት ነገር የለም። መምህሩ ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደር በር ለበር እየዞረች ሰው የቀሰቀሰችው እሷ ናት። እሱ መጀመሪያ ላይ ንግግር ሲያደርግ መጽሐፍ የሚያነብ ይመስል ነበር፤ «ቀና በል፣ አሮጊቷን እያት፣ ለእሷ ንገራት» እያለች ያስተካከለችው እሷ ናት። ተመረጠ። በሁለተኛው ዙር ፓርቲው አብላጫውን ወንበር አገኘና መምህሩ የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። እኛ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እልል አልን።

እልልታው ካለፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ወፍራም ጓንት ጠየቅን፤ ከምርጫው በኋላ ተባልን። እንፋሎቱን የሚስብ ማራገቢያ ጠየቅን፤ ከበጀቱ በኋላ። አስራ አራቱ ጊዜያዊ ሴቶች ቋሚ ይሁኑ አልን፤ እየታየ ነው። እቴቴ በየጊዜው መልሱን ይዛልን ትመጣለች፤ ስታወራው ፊቷ ትንሽ ይቀላል። የአውቶብስ ሹፌር የሆነው ባሏ፣ «ፓርቲሽ እንደኔ አውቶብስ ሆኗል። መጀመሪያ ባዶ ሳለ በየማዕዘኑ ይቆማል። ሲሞላ ግን እጅሽን ብታውለበልቢም አያይሽም» ይላታል። እሷ ትስቅና፣ «አንተ ብትቆም እኮ ነው ሰው የሚወርደው» ትለዋለች።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። የልብስ ማጠቢያው አገልግሎት ጨረታ ላሸነፈ የግል ድርጅት እንደሚተላለፍ፣ የጊዜያዊ ሠራተኞች ውል በወሩ መጨረሻ እንደሚቋረጥ፣ ቋሚዎቹ ደግሞ «እንደ ድርጅቱ ፍላጎት» እንደሚወሰዱ ይገልጻል። ቀጭኗ የምንላት ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ አንብባ ስትጨርስ ጋሪው ላይ ተቀመጠች። የቆሸሸ ጨርቅ ያለበት ጋሪ መሆኑንም ልብ አላለችም።

እቴቴ ያን ቀን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። አንሶላውን ይዘን ስንገናኝ፣ «ሳያውቅ ነው» ትለኛለች። ተራርቀን ደግመን ስንገናኝ፣ «መምህሩ ይህን ቢያውቅ ዝም አይልም።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀን ሁለታችን ምክር ቤቱ ሄድን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። ሶፋው ለስላሳ ነበር፤ እቴቴ ሰመጠችበትና እግሯ መሬት አልነካ አለ። «ይሄ ሶፋ ሰው የመጣበትን እንዲረሳ ነው የተሠራው» አለችኝ በሹክሹክታ።

መምህሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ወፍሯል፤ ፈገግታው ግን ያው የድሮው ነው። «እቴቴዬ! ምነው ሳትደውዪ?» ብሎ አቀፋት።

«እንደምን ዋሉ» አለች።

ደነገጥኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረችው ሰው ነው። የቢሮው ጸሐፊ አጠገባችን ስላለች ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፣ ከአፏ የወጣው አንቱታ ነው። እሱም የሰማው ይመስለኛል። ግን «ምን ሆነሻል፣ አንተ በይኝ እንጂ» አላለም።

ቢሮው ገብተን ማስታወቂያውን ዘረጋችለት። «ይህን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኛማ ሳያውቁ ነው ስንል ነበር።»

ብዕሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «እቴቴ፣ አልዋሽሽም። የኮሚቴው ውሳኔ ነው። የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

እሱ ቀጠለ። በጀቱ እንደጎደለ፣ ፓርቲው አሁን የሚመራው ከተማውን ሙሉ እንጂ አንድ ክፍል ብቻ እንዳልሆነ፣ ባለሀብቱ እምነት ካላደረበት ሥራ እንደማይፈጠር፣ ይህ ሁሉ ውሎ አድሮ ለሠራተኛውም እንደሚጠቅም አስረዳ። ክፉ አነጋገር አልነበረም። እንደ ጥሩ መምህር ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያጠፈ ነው ያስረዳው።

«ይህን ሲወስኑ ከእኛ ማንን አነጋገሩ?» አለችው።

«ጥናት ተጠንቷል።»

«ያጠናው ሰውዬ ማጠቢያ ክፍል ገብቶ ያውቃል?»

ወደ እሷ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ አትጎጂም። ስምሽ ከሚወሰዱት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ አለ። እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት» አላት። ደስ ይላታል ብሎ ነው። ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

እቴቴ ማስታወቂያውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች። ደረጃውን ስንወርድ አንደኛ ፎቅ ላይ መደገፊያውን ይዛ ቆመች።

«የኔን ስም ለብቻው አስገባው» አለች። «እኔን እንዲህ ነው የሚያውቀኝ?»

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠችም። «አንድ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ፓርቲው ግን እሱ ብቻ አይደለም» አለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቅርንጫፉ ስብሰባ ነበረና ጉዳዩ አጀንዳ እንዲሆንላት ጠየቀች። እኔ አባል ባልሆንም አብሬያት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስብሰባው የሚደረገው አሁን ከጫማ ጠጋኙ በላይ ሳይሆን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሰውም ተለውጧል። ከድሮዎቹ ሁለት መካኒኮችና አንድ ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪ አየሁ። የቀረው የጨርቅ ነጋዴው፣ የኮንዶሚኒየም አሻሻጩ፣ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችና ከምክር ቤቱ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰብሳቢው ጨርቅ ነጋዴው ነው፤ ደግ ሰው ነው ይባላል።

«እቴቴ፣ ሦስት ደቂቃ አለሽ» አላት።

ወረቀት አልያዘችም። ስለ አስራ አራቱ ሴቶች አንድ በአንድ ተናገረች። አንዷ ስድስት ዓመት፣ አንዷ ዘጠኝ ዓመት በጊዜያዊነት መሥራታቸውን ገለጸች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ በየሰዉ ቤት እየገባሁ ስለ ፓርቲው ተናግሬያለሁ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ሴትየዋ ልጅ አዝላ፣ ወይ ልብስ እያጠበች ነው የምታዳምጠኝ። የናንተን ነገር የሚይዝላችሁ ይሄ ነው ብያቸዋለሁ። አሁን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ምን ልበላቸው? የመጣሁት ይህን እንድትነግሩኝ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር፤ ጡረተኛው ዳቦ ጋጋሪ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። እኔም ልቤ ሞላ። ሰብሳቢው፣ «እቴቴን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያሉ እናቶች ናቸው ያቆሙን። ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ይተላለፍ የምትሉ?» ሲል እጅ ሁሉ ወጣ። ጸሐፊው ጻፈ። ከዚያ ሰብሳቢው ገጽ ገለጠና፣ «ቀጣዩ አጀንዳ የቅስቀሳ ቲሸርት ቀለም ነው» አለ።

በቲሸርቱ ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። አንዱ ሰማያዊ ይሁን ይላል፤ ሌላው ሰማያዊ ቶሎ ይለቃል ይላል። ከምሬ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ስለመልቀቁ እቴቴን አስተያየት ጠየቋት፤ የልብስ አጣቢ አይደለች?

ተነሳች። ወደ ፊት ሄደችና የአባልነት መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰብሳቢው አልገባውም። «አያስፈልግም እቴቴ፣ እኛ እኮ እናውቅሻለን» ብሎ መልሶ ወደ እሷ ገፋው። ሰው ሳቀ።

«ላሳያችሁ አይደለም፤ ልመልስላችሁ ነው» አለች።

እቤቷ ድረስ በእግር ሸኘኋት። ባሏ በር ላይ ተቀብሎን ፊቷን አየ። መንገዱን ሙሉ የፈራሁት የእሱን ቀልድ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲያዘጋጀው የኖረው ቀልድ ይኖረዋል ብዬ። እሱ ግን ወንበር ስቦላት፣ «እግርሽን አሳርፊ» ብቻ አለና ሻይ ሊያፈላ ገባ። ሻዩን ሲያቀርብላት እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እቴቴ ቅዳሜ ከሰዓትን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። መጋረጃዋን ሁለት ጊዜ አጠበችው። «ቤት ውስጥ ሰው የሞተ ይመስለኛል፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቀውም» አለችኝ።

የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነበር። የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው የሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቆን በራሪ ወረቀት ሲያድለን እቴቴ ተቀብላ ሁለቱንም ገጽ አነበበችና፣ «እናንተ ብትመረጡ ጨረታውን ታስቀራላችሁ?» አለችው። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ። «እናጠናዋለን» አለ። እቴቴ ከብዙ ቀን በኋላ ያን ቀን ሳቀች።

በምሳ ሰዓት ደረቁ ጨርቅ የሚቆለልበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሃያ ዘጠኝ ሴቶችና ቦይለረኛው። ቦይለረኛው ውሃውንና እንፋሎቱን የሚያሞቀው ሰው ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው በማሽኑ ድምፅ ስለደከመ ሁልጊዜ የሚያወራው እየጮኸ ነው። ቀጭኗ፣ «አሁንስ ማንን እንያዝ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እቴቴን አየን።

«እኔን አትዩኝ» አለች። «እኔ የያዝኩትን አይታችኋል።»

አንዷ፣ «ሙሉ በሙሉ እናቁም፤ ሆስፒታሉ ያለ አንሶላ ይቅርና እንያቸው» አለች። ብዙዎቻችን ተስማማን። እቴቴ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ከማዋለጃ የሚመጣ አንሶላ አይቆምም። ከቀዶ ጥገና የሚመጣ አይቆምም። የሕፃናቱም አይቆምም። እዚያ የተኛችው ሴትዮ ምን አደረገችን? እሷም እንደኛው ናት።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

እቴቴ ዞር ብላ ጥግ ላይ የተሰቀሉትን ነጭ ጋዋኖች አየች። በየቀኑ ከዳይሬክተሩ እስከ ሐኪሙ ድረስ መቶ አርባ ጋዋን እናጥባለን፣ እንተኩሳለን፣ በስም እንሰቅላለን። «ታማሚው የሚተኛበትን እናጥባለን» አለች። «እነሱ የሚታዩበትን አናጥብም።» የቢሮ መጋረጃና የስብሰባ ጠረጴዛ ልብስም ተጨመረ። ቀጭኗ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው፤ ምን እንደምናጥብ፣ ምን እንደማናጥብ፣ ለምን እንደሆነም።

መጀመሪያ የመጣው ሽማግሌው ቀዶ ሐኪም ነበር። ጋዋኑን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ተቆጥቶ ገባ። ሠላሳ ዓመት እዚያ ሲሠራ ማጠቢያ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሁለት እርምጃ እንደገባ እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፈነውና ቆመ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ።

«ዛሬ እንኳን ቀዝቀዝ ብሏል» አለችው እቴቴ፣ መነጽሩን እንዲጠርግበት ንጹሕ ጨርቅ እያቀበለችው።

የተለጠፈውን ቆሞ አነበበ። አስራ አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቃት፤ አሳየችው። ጋዋኑን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። በማግስቱ ታማሚዎቹን በሹራብ ሲጎበኝ ታየ። እስከ ረቡዕ ድረስ ግማሾቹ ሐኪሞች ያለ ጋዋን መዞር ጀመሩ። የቀሩት የቆሸሸውን ለበሱ። የዳይሬክተሩ ጋዋን ደረት ላይ የብዕር ቀለም ፈስሶ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ከእንግዶች ጋር ሲያልፍ በፋይል ሸፍኖት ነው የሄደው። ነርሶቹ እየመጡ ይነግሩናል፤ እኛም በማሽኑ ድምፅ ተከልለን እንስቃለን። በሳምንቱ ውስጥ አንድም የታማሚ አንሶላ አልዘገየም። እቴቴ ይህን በየፈረቃው እየዞረች ታረጋግጥ ነበር።

አርብ ዳይሬክተሩና የድርጅቱ ወኪል ጠሩን። እቴቴ፣ ቀጭኗና እኔ ገባን። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ድርጅቱ መግባቱ አልቀረም፤ ያን ማስቀረት አልቻልንም። ግን አስራ አራቱ የጽሑፍ ውል እንዲያገኙ፣ ለሁለት ዓመት ከማጠቢያ ክፍሉ ማንም እንዳይባረር፣ ማራገቢያው እንዲገጠም ተፈረመ። ቀጭኗ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ እቴቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ደስታው እስከ ሰኞ ቆየ። ሰኞ ቦይለረኛው ሥራው ማብቃቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠው። ድርጅቱ የራሱን ማሞቂያ ይዞ መጥቷል። እኛ «ከማጠቢያ ክፍሉ ማንም» ብለን ነበር የፈረምነው፤ እሱ ግን በወረቀት የተመዘገበው በጥገና ክፍል ነው። ከእኛ ጋር ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ስብሰባችን ላይ ተቀምጦ፣ አንዳችንም መዝገቡን መጠየቅ ትዝ አላለንም።

«ረሳነው» አለች እቴቴ። እሱ፣ «ኧረ ምንም አይደል፣ እኔም እኮ አላስታወስኳችሁም!» ብሎ ጮኸ፤ ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ አዲስ ፖስተር አየሁ። የመምህሩ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ «ፓርቲያችን የአስራ አራት እናቶችን ሥራ ታደገ» ይላል። ከተለጠፈበት ልጬ ወሰድኩላት። ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አንዷ ልትቀደው እጇን ዘረጋች። እቴቴ ተቀብላ ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አስራ አራት የሚለው ትክክል ነው» አለች።

እሁድ ጠዋት እቤቷ ነበርኩ። በሩ ሲንኳኳ ባሏ ከፈተ። መምህሩ ነው፤ ብቻውን፣ ያለ ሹፌር። ባሏ አስገባውና፣ «እኔ ዳቦ ልገዛ ልውጣ» ብሎ ወጣ። እኔም ልነሳ ስል እቴቴ፣ «አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ።

መምህሩ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እቴቴ፣ ተመለሺ» አላት። «ቅርንጫፉ አንቺን አጥቶ ባዶ ሆኗል። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ስብሰባ አለ፤ ከእኔ ጋር መድረክ ላይ ብትቀመጪ ሰው ይሰማል። ከውጭ ሆነሽ ምን ትለውጫለሽ?»

«ፖስተሩን ማን ጻፈው?» አለችው።

«የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ።»

«አንተ አንብበኸዋል?»

አንተ አለችው። ቀና ብሎ አያት። «ከተለጠፈ በኋላ» አለ።

«አፈርክ?»

እጆቹን እያየ፣ «መጀመሪያ ላይ የእናንተን ነገር ይዤ ነበር እዚያ የምገባው» አለ። «አሁን የእነሱን ይዤ ወደ እናንተ እመጣለሁ። መቼ እንደተገለበጠ አላውቅም። አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም፣ እቴቴ። አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ባወቅኩት ነበር።»

ይቆጣል ወይም ይምላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። እቴቴም የጠበቀች አይመስለኝም፤ ሻዩን ልትቀዳለት ያነሳችውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ቀረች።

«እኔ ውጣ አልልህም» አለችው በመጨረሻ። «ያስተማረኝን ሰው እጠላለሁም አልልም። መድረክ ላይ ግን አልቀመጥም። ሰው እኔን አይቶ ነው የሚያምነው። የማላምነውን ነገር ሰው በኔ እንዲያምን አላደርግም።» ከዚያ ስለ ቦይለረኛው ነገረችው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ የሱን ጉዳይ እይልኝ።»

ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። ሻዩን ጠጣ። ስንብቱ ላይ እንደ ድሮው አቀፋት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስልክ ይደወላል ብዬ ጠብቄያለሁ። እሷ አልጠበቀችም። አልተደወለም። ረስቶት ይሁን፣ ሞክሮ አቅቶት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሁለተኛው ሳምንት ቀጭኗ ከቦይለረኛው ጋር ቁጭ ብላ፣ ሃያ ዓመት የሠራበትን የፈረቃ ዝርዝር ሰብስባ፣ ለሥራ ክርክር ቦርዱ ማመልከቻ ጻፈች። እቴቴ ምስክር ሆና ፈረመች። እኛም በየተራ ፈረምን።

በመሀሉ የምርጫው ቀን ደረሰ። አብረን ተሰለፍን። ሌላ ጊዜ እቴቴ ሰልፍ ላይ ዝም ብላ አትቆምም፤ አዛውንቶችን ወደ ፊት ታሳልፋለች፣ ለማያውቁት ታስረዳለች። ያን ቀን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተራዋን ጠበቀች። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየች። አስመራጩ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። ስትወጣ አልጠየቅኳትም፤ ትንሽ እንደሄድን ራሷ ነገረችኝ።

«ባዶውን አጥፌ ከተትኩት» አለች። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳስመርጥ ኖሬ ዛሬ ለራሴ መምረጥ አቃተኝ። ትክክል አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። ደስ አላለኝም።»

«እኔ መረጥኩ» አልኳት። ማንን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

መምህሩ ተመረጠ፤ እንደ ድሮው በሰፊ ልዩነት ግን አይደለም። የቦይለረኛው ጉዳይ አራት ቀጠሮ ፈጀ። ሥራው አልተመለሰለትም፤ የአንድ ዓመት ደሞዝ ካሳ ግን ተፈረደለት፤ የጡረታ ዘመኑም እንዳይቆረጥ ታዘዘ። እሱ ያንን ሲሰማ «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ሲጮህ የቦርዱ ሰብሳቢ ራሱ ሳቀ።

እኔ ግን ከሁሉ የማስታውሰው የመጀመሪያውን ቀጠሮ ነው። ፈረቃ የሌለን ሁሉ አብረነው ሄድን፤ ዘጠኝ ሴቶች። የቦርዱ ፀሐፊ በጠባቡ ክፍል በር ላይ ቆሞ ቆጠረንና፣ «ሁላችሁም ከሳሾች ናችሁ?» አለ።

«አይደለንም፤ አብረነው የምንሠራ ነን» አለች እቴቴ።

«ማን ላካችሁ?»

እቴቴ ትንሽ አሰበች። ድሮ ቢሆን መልሱ ዝግጁ ነበር። «ማንም አልላከንም» አለች።

ፀሐፊው ትከሻውን ነቅንቆ አስገባን። ለእኛ የተረፈው ሦስት ወንበር ብቻ ነበር። ቦይለረኛውንና ከመካከላችን እርጉዝ የነበረችውን አስቀመጥን፤ እቴቴን ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች። ግድግዳውን ይዘን ተደርድረን ቆምንና ስሙ እስኪጠራ ጠበቅን።